ጎማ አልባው ተጓዥ፦ ሰው ተሸክሞ የሚራመድ ማሽን

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ ሐሙሲትን ያገኛል። ስሟ እንደሚያመለክተው ሐሙሲት የሐሙስ ገበያ ከተማ ናት። በገበያ ቀን ከመንገዱ ዳር ቆሞ ለሚመለከት ሰው ሁለት ዓይነት ጉዞ ጎን ለጎን ይታየዋል። በአስፋልቱ ላይ አውቶቡሱ፣ የጭነት መኪናው፣ ባጃጁና የፈረስ ጋሪው ይተላለፋሉ። ከአስፋልቱ ወጣ ባሉት፣ ከየገጠሩ ወደ ገበያው በሚያደርሱት ቀጫጭን መንገዶች ላይ ግን ጎማ እምብዛም አይታይም። እህሉ በአህያ ጀርባ፣ እንጨቱ በሰው ትከሻ፣ በጎቹም በገዛ እግራቸው ይመጣሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማሪዎቻችን ጋር በደብረ ታቦር አቅራቢያ የሚገኘውን ጋፋትን ጎብኝተን ስንመለስ በዚህች ከተማ ለምሳ ቆምን። ይህንኑ ትዕይንት በመመልከት ላይ ሳለን አንድ ተማሪ፣ «ዶክተር፣ ሰው ይህን ሁሉ ማሽን ሲፈጥር እግር ያለው መኪና ለምን አልሠራም?» ሲል ጠየቀን።

ጥያቄው የዋህ ይመስላል፤ ነገር ግን ከመቶ ዓመት በላይ ታላላቅ ሰዎችን ያደከመ ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ መልሱን ለመፈለግ እንሞክራለን። ፍለጋው የሒሳብ ሊቃውንትን፣ የጦር መሐንዲሶችንና የጥበብ ሰዎችን ካስጎበኘን በኋላ መልሶ ወደ ሐሙሲት ያመጣናል።

ጎማ የት ላይ ይሸነፋል?

ጎማ ከሰው ልጅ ታላላቅ ፈጠራዎች አንዱ መሆኑ አያከራክርም። በጠንካራና ለጥ ባለ መንገድ ላይ የሚሽከረከር ጎማ የሚገጥመው ተቃውሞ እጅግ አነስተኛ ነው፤ አንድን የጭነት መኪና በአስፋልት ላይ በእርጋታ ለማስኬድ የሚያስፈልገው ኃይል ከክብደቱ መቶኛ እጅ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ መንገድ ባለበት ጎማን የሚስተካከለው የለም።

ችግሩ የሚጀምረው መንገዱ ሲያበቃ ነው። ራዲየሱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጋሪ ጎማ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካለው ድንጋይ ጋር ተጋጨ እንበል። ጎማውን ከመሐል ዘንጉ ላይ ወደ ፊት በአግድም በመጎተት ድንጋዩን ለማስወጣት ምን ያህል ኃይል ያስፈልጋል? በድንጋዩ ጫፍ ዙሪያ ያለውን ሞመንት የሚያሰላ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ መልሱን ያገኘዋል፤ ጎማው ከተሸከመው ክብደት 1.7 እጥፍ ገደማ። የድንጋዩ ከፍታ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆንስ? ያን ጊዜ የቱንም ያህል ብንጎትት ጎማውን ከድንጋዩ ጋር ከማጣበቅ በቀር የምናተርፈው ነገር የለም።

አህያዋ ግን ይህንን ድንጋይ ከቁም ነገር አትቆጥረውም፤ እግሯን አንሥታ ታልፈዋለች። ልዩነቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስቀመጥ ይቻላል። ጎማ የመንገዱን እያንዳንዱን ነጥብ ለመንካት ይገደዳል፤ እግር ግን የሚረግጥበትን ቦታ ይመርጣል።

የሴባስቶፖል ጉዞ

ይህንን የጎማ ድካም ከማንም በላይ ያየው የደብረ ታቦር ደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1867 በጋፋት፣ አፄ ቴዎድሮስ ባሰባሰቧቸው የውጭ አገር ባለሙያዎችና በአገሬው ሠራተኞች እጅ፣ «ሴባስቶፖል» የተባለው ታላቅ መድፍ ተሠራ። ክብደቱ ወደ ሰባት ቶን እንደሚጠጋ ይነገራል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ መድፉን በሠረገላ ጭነው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነበር። ዛሬ መኪና በሰዓታት የሚጨርሰው ጉዞ ወደ ስድስት ወር ገደማ ወሰደ ማለት ነው።

ለምን? እስቲ በግምት እናስላው። የሰባት ቶን መድፍ ክብደት 70,000 ኒውተን ገደማ ነው። በየአምስት ሜትሩ አንድ ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል 14,000 ኒውተን ያህል ይሆናል። ለስላሳው አፈር በጎማው ላይ የሚያሳርፈው ተቃውሞ የክብደቱን አንድ አሥረኛ ብቻ ቢሆን ሌላ 7,000 ኒውተን ይጨመራል። አንድ ሰው ሳያቋርጥ 150 ኒውተን ያህል ይጎትታል ብንል፣ 140 ሰዎች ያለ አንዳች መንሸራተት፣ እንደ አንድ ሰው ሆነው መጎተት ነበረባቸው። ይህ በወረቀት ላይ ነው። በተግባር ግን ጭቃው፣ ድንጋዩና ቁልቁለቱ አለ። ቁልቁለት ሲመጣ ደግሞ ያው ሕዝብ መድፉን ወደ ኋላ ለመያዝ ይገደዳል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መሰለፋቸው ስለዚህ አያስገርምም።

ከሁሉ በላይ ልብ ልንለው የሚገባው ግን ቴዎድሮስ የመረጡትን መፍትሔ ነው። ጎማው ገደሉን መውጣት ስላልቻለ ገደሉን ለጎማው አመቻቹለት፤ በጅዳና በበሽሎ ሸለቆዎች ድንጋይ እያስፈነቀሉ መንገድ አስጠረጉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ሊወጋቸው የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር በዚሁ መንገድ ተጠቀመበት። የጎማ ሙሉ ዋጋ በጎማው ላይ ብቻ የሚከፈል አይደለም፤ በመንገዱም ላይ ይከፈላል።

ክብን ወደ እርምጃ መለወጥ

እንግዲህ እግር እንሥራ ብንል የመጀመሪያው እንቅፋት ሞተር ነው። የመኪናም፣ የኤሌክትሪክም፣ በፔዳል የሚነዳም ሞተር የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም መዞር ነው። እግር ግን አይዞርም። የእግር መዳፍ በአየር ላይ የሚጽፈውን መሥመር ብንከተል ሁለት ክፍል እናገኝበታለን። በመጀመሪያው ክፍል መዳፉ መሬት ይዞ፣ ከሰውነቱ አንጻር ሲታይ በቀጥታ መሥመር ወደ ኋላ ይሄዳል። በሁለተኛው ከመሬት ተነሥቶ በአየር ላይ ቅስት ሠርቶ ወደ ፊት ይመለሳል። የታችኛው መሥመር ቀጥ ያለ ካልሆነ ተሳፋሪው በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ላይና ወደ ታች ይናጣል፤ ኃይሉም በከንቱ ይባክናል። ስለዚህ ጥያቄው የሚከተለው ይሆናል፤ በተራ ዘንጎችና መገጣጠሚያዎች ብቻ ክብን ወደዚህ ዓይነት መሥመር መለወጥ ይቻላልን?

ይቻላል ያሉት በሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ ፓፍኑቲ ቼቢሼቭ (1821–1894 እ.ኤ.አ.) ናቸው። የሒሳብ ተማሪዎች ስማቸውን በ«ቼቢሼቭ ፖሊኖሚያል» ያውቁታል። ቼቢሼቭ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያነክሱ ነበር። ምናልባትም ስለ እግር አካሄድ አብዝተው ማሰባቸው ከዚሁ የመጣ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1878 በፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ አራት እግር ያላት፣ በዘንጎች ብቻ የምትራመድ ትንሽ ማሽን አሳዩ።

የማሽኗ ምስጢር ውድ አንባብያን በቤታችሁ ልትሠሩት የምትችሉት ነው። ጠንካራ ካርቶን፣ መቀስ፣ ጥቂት ስፒልና እርሳስ ይበቃል። በሰሌዳ ላይ በአግድም 8 ሳንቲ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ነጥቦች ምልክት አድርጉ። በግራው ነጥብ ላይ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ አጭር ክንድ በስፒል ስካ፤ የምንዞረው ይህንን ነው። በቀኙ ነጥብ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክንድ ስካ። ከዚያም 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ረጅም ዘንግ ቆርጣችሁ አንዱን ጫፉን ከአጭሩ ክንድ ጫፍ ጋር፣ ትክክለኛ መሐሉን ደግሞ ከ10 ሳንቲ ሜትሩ ክንድ ጫፍ ጋር አገጣጥሙ። ሌላው ጫፉ ወደ ላይ ቆሞ እርሳስ ይያዝ። ልኮቹ ሁሉ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ የሚለኩ መሆናቸውን አትርሱ።

አሁን አጭሩን ክንድ በእርጋታ አዙሩት። እርሳሱ ከታች 16 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ቀጥ ያለ መሥመር፣ ከላዩም 3.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ የሚል ቅስት ይጽፋል። የታችኛው መሥመር ፍጹም ቀጥታ አይደለም፤ ነገር ግን ከቀጥታው የሚያፈነግጠው በግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከዚህም በላይ እርሳሱ ይህንን ቀጥታ መሥመር የሚጨርሰው ክንዱ ልክ ግማሽ ዙር ሲዞር ነው፤ ፍጥነቱም ከሞላ ጎደል ወጥ ነው። ስለዚህ ሁለት እግሮችን በግማሽ ዙር አራርቀን ብናቀናጅ፣ አንዱ መሬት ሲለቅቅ ሌላው መሬት ይረግጣል። መራመድ ማለት ይህ አይደለምን?

አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። እርሳሱ ያለው ከማሽኑ በላይ ነው፤ መሬቱ ግን ከታች ነው። ቼቢሼቭ ይህንን የፈቱት እግሩን ከላይኛው ነጥብ ላይ በማንጠልጠል ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ስልቶች፣ አንዱ ከፊት ሌላው ከኋላ፣ አንድን ቋሚ ፍሬም በጋራ ከተሸከሙ ፍሬሙ ሳያዘነብል የላይኛውን መሥመር ወደ ታች ይገለብጠዋል።

የተሳፈሩባቸው ማሽኖች

ቼቢሼቭ የሠሩት ለጠረጴዛ የሚሆን ማሽን ነበር። ሰው የሚሳፈርበትን ለመሥራት ረጅም ጊዜ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ መሐንዲስ ራልፍ ሞሸር ለጦር ሠራዊቱ ባለ አራት እግር ተራማጅ ተሽከርካሪ ሠሩ። እግሮቹ በዘይት ግፊት ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ሹፌሩም በእጆቹ የፊቱን እግሮች፣ በእግሮቹ የኋላውን እግሮች ይመራ ነበር። ማሽኑ በእርግጥ ተራመደ፤ እንቅፋትም ተሻገረ። ይሁን እንጂ አራቱን እግሮች በአንድ ጊዜ ማሰብ ሹፌሩን በደቂቃዎች ውስጥ ያዝለው ነበር። ለሥራ ሳይውልም ቀረ።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለፊዚክስ ተማሪ ትልቅ ትምህርት አለው። በሞሸር ማሽን የእርምጃው ዕውቀት ያለው በሹፌሩ አእምሮ ውስጥ ነው። በቼቢሼቭ ማሽን ግን ዕውቀቱ የሚገኘው በዘንጎቹ ርዝመት ንጽጽር ውስጥ ነው፤ 1፣ 2፣ 2.5፣ 5። ሹፌሩ የሚጠበቅበት ማዞር ብቻ ነው።

ይህንን መንገድ ተከትለው ማሽንን ወደ ጥበብ ያሸጋገሩት ሆላንዳዊው ቴዎ ያንሰን ናቸው። በዴልፍት ፊዚክስ ተምረው ሳይጨርሱ ወደ ሥዕል ያዘነበሉት ያንሰን እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ለኤሌክትሪክ ገመድ መሸፈኛ በሚውሉ ቢጫ የፕላስቲክ ቱቦዎች በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ በነፋስ ኃይል የሚራመዱ «እንስሳት» ይሠራሉ። የእግራቸውን ልክ ያገኙት በኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩ በዘፈቀደ የተመረጡ ብዙ እግሮችን እያወዳደረ፣ የተሻሉትን እያዳቀለ፣ ደካሞቹን እየጣለ በመጨረሻ 11 ቁጥሮችን አስቀረ። ከሥራዎቻቸው አንዱ የሆነው ግዙፍ «አውራሪስ» ከሁለት ቶን የማያንስ ክብደትና 4.7 ሜትር ቁመት እያለው፣ አንድ ሰው ገፍቶ ሊያስጀምረው ይችላል፤ በውስጡም ሰው ይሳፈርበታል።

በካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ ደግሞ የጥበብ ሰዎችና መሐንዲሶች ተባብረው እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞንዶ ስፓይደር» የተባለ ባለ ስምንት እግር የብረት ሸረሪት ሠሩ። ክብደቱ ወደ 700 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ ሹፌሩ በመሐሉ ተቀምጦ ይነዳዋል። መጀመሪያ በቤንዚን ሞተር ይሠራ የነበረውን ማሽን ኋላ ወደ ባትሪ ቀይረውታል። በፈረንሳይዋ ናንት ከተማ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታየው 12 ሜትር ቁመት ያለው የእንጨትና የብረት ዝሆን ደግሞ በአንድ ጊዜ ወደ 50 የሚጠጉ ሰዎችን ይዞ ይጓዛል። ነገር ግን ልብ ብሎ ለተመለከተው ክብደቱን የሚሸከሙት ከሆዱ ሥር የተደበቁ ጎማዎች ናቸው፤ እግሮቹ የሚንቀሳቀሱት ለዓይን ነው። አርባ ስምንት ቶን ያህል ክብደት በእግር ማስኬድ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚመሰክር የለም።

እንዲህ ያሉት ሥራዎች «የእንቅስቃሴ ጥበብ» በሚባለው ዘርፍ ይመደባሉ። በዚህ ጥበብ ውስጥ ሥዕሉ ቅርጹ ብቻ አይደለም፤ እንቅስቃሴውም ጭምር ነው። ማሽኑ ከቆመ ጥበቡም አብሮ ይቆማል።

የእኛ ሙከራና የእኛ ስሕተት

ከጋፋት ስንመለስ የተነሣው ጥያቄ እንዲሁ አልቀረም። ስድስት ተማሪዎች በትርፍ ጊዜያቸው አንድ ሰው የሚያሳፍር ተራማጅ ለመሥራት ተነሡ፤ እኛም ስሌቱን ለመሥራት ቃል ገባን። የካርቶኑን ልክ በሁለት ተኩል እጥፍ አሳደግነው። አጭሩ ክንድ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ረጅሙ ዘንግ 50 ሳንቲ ሜትር ሆነ። እያንዳንዱ እርምጃ 40 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ እግሩም 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ከመሬት ይነሣል። በደቂቃ 30 ዙር ብንዞር በሰዓት 1.4 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከሽማግሌ እርምጃም የዘገየ ነው።

አካሉ ከቱቦላሬ ተበየደ። ፔዳሉና ሰንሰለቱ ከአሮጌ ብስክሌቶች ተወሰደ። እግሮቹ አራት ረጃጅም ፍሬሞች ሲሆኑ፣ ሁለቱ መሬት ሲይዙ ሁለቱ ወደ ፊት ይመለሳሉ። እያንዳንዱ ፍሬም ከፊትና ከኋላ በሁለት ብሎኖች ይሰቀላል። ሰው ሳይሳፈር በእጅ ሲዞር ማሽኑ እንደ ሰዓት ሠራ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ፤ እኛም ያለ ጥርጥር ረክተን ነበር።

ከዚያ አንድ ተማሪ ተሳፈረበት። ሦስት እርምጃ ከተራመደ በኋላ ማሽኑ ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎም እንደ ጥይት የሚጮህ ድምፅ ተሰማ፤ አንዱ ብሎን ተቆርጦ ነበር። ወፍራም ብሎን ተካንበት። ይህኛው አልተቆረጠም፤ በምትኩ ዘንጉ ጎበጠ። ዘንጉን አጠነከርነው፤ ብየዳው ተሰነጠቀ። ስሌቱን ደግመን ደጋግመን ብንመረምር እያንዳንዱ ብሎን የሚሸከመው 400 ኒውተን እንኳ አይሞላም ነበር። እንዲያ ላለ ብሎን ይህ ምንም ማለት አይደለም። በዚህ ሁኔታ ሁለት ወር አለፈ፤ ከስድስቱ ተማሪዎችም ሦስቱ መምጣት አቆሙ።

ከቀሩት መካከል አንዱ ዝምተኛ ነበር። እጁ ግን ከሁሉም ይበልጥ የሠለጠነ ነበር፤ ብረቱን አንሥቶ በጣቱ ሲያንኳኳ ስንጥቁ የት እንዳለ ያውቃል። የት እንደተማረው ስንጠይቀው፣ «ከመጽሐፍ ነው» ብሎ አልፎን ነበር። አንድ ቀን ግን ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ ቀረብ ብሎ፣ «ዶክተር፣ ሐሙሲት የማውቀው አንድ ሰው አለ፤ ምናልባት ቢያየው» አለን።

ከፊትና ከኋላ ስልቶቹ ጋር የተሰበረውን ፍሬም በጭነት መኪና ጭነን ሄድን። የተማሪው «የማውቀው ሰው» በከተማዋ ዳርቻ ወናፉን እያናፋ ማረሻና ማጭድ የሚሠራ፣ በዕድሜ የገፋ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ፍሬሙን አገላብጦ አየ። ሁለቱን ስልቶች በእጁ አዞረ። ከዚያም፣ «ይህን ያጠበቀው ማን ነው?» አለ።

«እኛ ነን፣ አባቴ» አልነው።

«ሞፈሩ ከቀንበሩ ጋር በጠፍር ምራን የሚታሰረው ለምን ይመስልዎታል? በብረት ቢጠብቅ ኖሮ በሬዎቹ ገና ሲዞሩ በሰበሩት ነበር። ብረትም መተንፈሻ ይፈልጋል» አለን።

በዚያች ቅጽበት ስሕተታችን ታየን። የፊቱና የኋላው ክንዶች የተያያዙት በሰንሰለት ነው። ሰንሰለት ደግሞ ጥቂት መላላቱ አይቀርም። ጭነት ሲያርፍበት የኋላው ክንድ ከፊተኛው በሦስት ዲግሪ ብቻ ቢዘገይ፣ ሁለቱ መስቀያ ነጥቦች በሰባት ሚሊ ሜትር ያህል ይለያያሉ። ፍሬማችን ግን ይህንን ሰባት ሚሊ ሜትር የሚያስተናግድበት ቦታ አልነበረውም። ብሎኑን የቆረጠው የተሳፋሪው ክብደት ሳይሆን የገዛ ራሱ የማሽኑ ጉልበት ነበር። በመካኒክስ ቋንቋ ማሽኑ ከሚገባው በላይ ታስሯል፤ ነፃነቱ ተነፍጎታል። ይህንን ትምህርት ውጭ አገር ተምረነዋል፤ ለዓመታትም በጥቁር ሰሌዳ ላይ አስተምረነዋል። በእጃችን ግን አላወቅነውም ነበር።

ቀጥቃጩ የኋላውን ቀዳዳ በአንድ ጣት ስፋት ያህል አግድም አረዘመው፤ ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ዋጋውን ስንጠይቅ ራሱን ነቀነቀ። ልንወጣ ስንል ከጓዳ ቡና ይዘው የወጡት እናት ተማሪያችንን፣ «ልጄ፣ ሳትበላ ልትሄድ ነው?» አሉት።

ተማሪው አንገቱን ደፋ። አባትየው ያን ሁሉ ሰዓት እንደ እንግዳ ሲያናግሩት ቆይተው ነበር፤ የልጃቸውን ምስጢር ለመጠበቅ ሲሉ።

ስለ እጅ ሥራ

ይህ ለምን እንደሆነ በአካባቢው ያደገ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በደጋው አገር ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የምትሠራ፣ ቆዳ የሚፍቅ ሰው ምን ዓይነት ስም ሲወጣለት እንደኖረ ይታወቃል፤ ስሙን እዚህ መድገም አስፈላጊ አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዕውቀቱን «ከመጽሐፍ ነው» ብሎ እንዲደብቅ የሚያደርገው ፍርሃት ገና አልጠፋም። ጉዳቱ የክብር ብቻ አይደለም። በጋፋት ያን መድፍ ለማቅለጥ የበቃው አገር ዕውቀቱን እንዳያወርስ ያደረገው አንዱ ነገር የሚያውቀው ሰው መናቁ ነው። ስሌቱ ያለበት ክፍልና ወናፉ ያለበት ጎጆ ካልተገናኙ ሁለቱም ጎደሎ ሆነው ይቀራሉ። የእኛ ሁለት ወር የባከነው በዚሁ ምክንያት ነበር።

ማሽኑ ምን ይጠቅማል?

ማሽኑ ከዚያ በኋላ ሰው ተሸክሞ በግቢያችን ሣር ላይ ተራመደ። ፍጥነቱ ካሰላነው በግማሽ ያነሰ ነበር፤ መታጠፍም አይችልም፤ ሹፌሩም ፔዳሉን ለመግፋት ላቡ ይንጠፈጠፋል። ታዲያ ለሐሙሲት ገበያ አህያን ይተካልን? አይተካም። እግር በእያንዳንዱ እርምጃ መነሣትና መቆም አለበት፤ ለዚህም ኃይል ይከፍላል። በየመገጣጠሚያው ሰበቃ አለ። የእኛ ማሽን እግሩን የሚያነሣው 9 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ በመግቢያችን ላይ የጠቀስነውን 15 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ እንኳ አያልፈውም። አህያዋ ግን ዓይን አላት፤ የምትረግጥበትን ታያለች። ለተማሪያችን ጥያቄ የምንሰጠው መልስም ይኸው ነው። እግር ያለው መኪና ተሠርቷል፤ ነገር ግን ማየትና መምረጥ እስኪችል ድረስ መንገድ ጠርጎ በጎማ መሄድ ይረክሳል።

ጥቅሙ ሌላ ነው። ይህ ማሽን ሲራመድ አንድ ልጅ ቆሞ ቢያየው ከአራት ቁጥሮች ንጽጽር እርምጃ እንዴት እንደሚወለድ በዓይኑ ይመለከታል። ሽፋን የለውም፤ የሚደብቀው ነገርም የለም። የእንቅስቃሴ ጥበብ የምንለው ይህንን ነው፤ አስተሳሰብ ራሱ እየተራመደ ሲታይ።

በፋኩልቲው የኤግዚቢሽን ቀን ማሽኑ ከተማሪዎቹ የሥዕልና የቅርጽ ሥራዎች ጋር ቀረበ። ከፊቱ በቆመው ሰሌዳ ላይ የሠሪዎቹን ስም የጻፈው ያ ዝምተኛ ተማሪ ነበር። ከሁሉ በላይ፣ ከእኛም ስም በላይ፣ የአባቱን ስም አኑሮ «ብረት ቀጥቃጭ፣ ሐሙሲት» ሲል ጽፎበታል። አባትየው በዕለቱ ተጋብዘው መጥተው ነበር። ይሳፈሩበት ዘንድ ብንለምናቸው፣ «እኔ በእግሬ እደርሳለሁ፤ ይልቅ ያ የግራው ዘይት ይቀባ» ብለውን ሄዱ። ሄደን ብናየው የግራው መገጣጠሚያ በእርግጥ ደርቆ ነበር።

ውድ አንባብያን፣ ካርቶኑንና ስፒሉን አትርሱ። 4፣ 8፣ 10፣ 20 ሳንቲ ሜትር። እርሳሱ መሥመሩን ጽፎ ሲጨርስ ደግሞ በሠፈራችሁ ብረት ወይም እንጨት የሚሠራ ባለሙያ ካለ ወስዳችሁ አሳዩት፤ እኛ ያላየነውን ሊያይላችሁ ይችላል።